ኮቱን ሲተኩስ የቆየው አጎት

ተናግሬ የተጸጸትኩባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ዛሬ የምተርክላችሁ ንግግር ግን ከእነሱ መካከል የለም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ የሆንኩትን ሁሉ ከሰማችሁ በኋላ «አይ፣ በመጨረሻ ልብ ገዝቶ ይሆናል» ብላችሁ እንዳትጠብቁ ነው። ልብ አልገዛሁም። የገዛሁት ነገር ቢኖር የአንገት ቅባት ነው።

ታደለ የሞጣ ሰው ነው፤ የአማርኛ መምህር። እኔ ቢቸና ነኝ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን እሱ ከታች እኔ ከላይ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ተኝተናል፤ በሠርጌ ሚዜዬ ነበር፣ በሠርጉ ሚዜው ነበርኩ፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አበልጅ ማለት ምን እንደሆነ ለምታውቁ ከዚህ በላይ አልተነትንም። ለማታውቁ ደግሞ፦ ሥጋ ያልሆነ፣ ከሥጋ ግን የሚብስ ማለት ነው።

ይህ ሰው ድራማ ጻፈ። በሰኔ፣ የትምህርት መዝጊያ በዓል ላይ፣ ተማሪዎቹ በአዳራሹ አሳዩት። እኔም ተጠርቼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ የባሏ ወንድም መሬቷን ሊቀማት ይነሳል። በመጀመሪያው ገቢር ትለምነዋለች። በሁለተኛው ትከሰዋለች። በሦስተኛው ምስክሮቿ ችሎት ፊት አንድ በአንድ ይከዷታል፤ አንዱ «አላስታውስም» ይላል፣ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ዓይኗን ማየት አቅቶት መሬት መሬቱን እያየ ይዋሻል። እዚያ ላይ አለቀስኩ። የማላለቅስ ሰው ነኝ፤ የአማቴን ለቅሶ እንኳ ያለፍኩት እንባ እምቢ ብሎኝ በጉንፋን አሳብቤ ነው። ለትርንጎ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ዕድሜ ልኩን ጠፍቶ የኖረ አንድ አጎት ገባ። ኮት ለብሷል። ቦርሳ ይዟል። ቦርሳው ውስጥ መሬቱን ለትርንጎ የሚሰጥ ኑዛዜ አለ። ክፉው ሰውዬ ኑዛዜውን ገና ሲያየው ደረቱን ይዞ ወደቀና ሞተ። መጋረጃ! ጭብጨባ!

የመድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ይዞ መጣ። «ከቢቸና የመጡት እንግዳችን፣ ብዙ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ እስኪ አስተያየት ይስጡን» አለ። ለኔ ዓይነት ሰው ማይክሮፎን መስጠት ለፍየል የጓሮ ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። ተነሳሁ።

«አጎትየው እንኳን ደህና መጣ» አልኩ። «ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ትርንጎ ሦስት ገቢር ሙሉ ስትንከራተት፣ እሱ መጋረጃው ጀርባ ቆሞ ኮቱን ሲተኩስ ነበር?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ታደለም ሳቀ። እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት ለተማሪ ስንት ዓመት ያስተማርኩት እኔ፣ አፋፉ ላይ ቆሜ ሁለተኛ ዘለልኩ። «ደራሲ መንገድ ሲጠፋው ይጠይቃል እንጂ አጎት አይጠራም» አልኩ። ሳቁ ሲብስ ታደለ ሳቁን አቆመ።

ሞጣ ነጋዴ ከተማ ናት፤ ቀልድም እንደ ጨው በችርቻሮ ይሸጥባታል። በሳምንቱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰፈሩ «አጎት መጣ!» ማለት ጀመረ። ኔትወርክ ሲመለስ «አጎት መጣ!» የዘገየ አውቶቡስ ሲደርስ «አጎት መጣ!» ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ ተማሪዎቹ ራሱን ታደለን «አጎት» አሉት። ሃያ ምናምን ዓመት «ጋሼ» ሲባል የኖረ ሰው ክፍል ሲገባ ከኋላ ወንበር «አጎት» ይባላል። ድራማውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ስልኩንም በኔ ላይ ቆለፈ። ስምንት ወር።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ጥፋተኛው አንተ ነህ» እያላችሁ ነው። ቆዩ። ሁለት ነገር አለ። በሰው ፊት መናገሬ ጥፋት ነው፤ እሱን እዚህ ጽፌ እፈርምበታለሁ። የተናገርኩት ነገር ግን እውነት ነው፤ እሱንም እፈርምበታለሁ። ሰዎች «በሕይወት ውስጥም እኮ ድንገት ይሆናል» ይሉኛል። ይሆናል! ሕይወት ግን ትኬት አልሸጠችልኝም። ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ አስቀምጣ «ጠብቅ፣ የማሳይህ ነገር አለኝ» አላለችኝም። ደራሲ ግን ብሎኛል። ቃል የገባ ሰው ደግሞ ጎረቤቱን አይልክም።

ድንገተኛ ነገር አልጠላም። ጥሩ ድንገተኛ ሲመጣ መጀመሪያ «አላሰብኩትም!» እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ «ለካ!» እላለሁ። ያቺ «ለካ» ናት ሁሉ ነገር። «ለካ» የሌለበት ድንገተኛ አደጋ ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ እንጂ አንባቢ አያስፈልገውም። ስንት ልቦለድ በኋለኛው ገጽ ሎተሪ አውጥቶብኛል! ስንቱ ሦስት መቶ ገጽ አስሮጦኝ «ለካ ሕልም ነበር» ብሎኛል! (ይሄኛው «ለካ» አይቆጠርም፤ ሌባ «ለካ» ነው።) የቴሌቪዥኑን ተከታታይማ ተዉት፤ ባለቤቴ ስታይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ወንድምና እኅት መሆናቸው የማይታወቅበት ሳምንት የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶቻችን ድራማ አይተው መሆን አለበት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ የታደለ ባለቤት እታገኝ ደወለች።

«አበልጄ፣ ሰውዬው እኮ መጻፍ ተወ።»

«ደህና ነው ግን?»

«ከሥራ መጥቶ ግድግዳ ያያል። ግድግዳችን ደግሞ ምኑ ይታያል? ጭቃ ነው! እኔንም ገበያ ስወጣ ‹የአጎት ሚስት› ይሉኛል። ወይ ታረቁልኝ፣ ወይ እኔም አጎቴ ዘንድ ልሂድ።»

ሽማግሌዎቹንም እሷው መርጣለች፦ የቅኔ መምህሩን የኔታ ዘሚካኤልንና ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴውን ሐጅ ሰይድን። ሁለቱም የታደለ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁለቱም ድራማውን አላዩትም። ሐጅ ሰይድ በማግስቱ ደውለው ሥርዓቱን ነገሩኝ። በኛ አገር የበደለ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ፊት ይቆማል፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዜር» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል።

«ድንጋዩን እኛ እናዘጋጃለን፤ አንተ አንገትህን ብቻ ይዘህ ና» አሉኝ።

«ምን ያህላል ሐጅ?»

«ኧረ ትንሽ ናት! ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ሱቅ ያስቀመጥኳት አለች። የሎሚ ታክላለች። ባለፈውም ሁለት ወንድማማቾች ታርቀውባታል።»

ስልኩን ዘጋሁ። ለብዙ ሰው የምትዞር፣ በር ላይ የምትጠብቅ፣ ሎሚ የምታክል ድንጋይ! ይህ እኮ ያው አጎት ነው! ኮቱን ተኩሶ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል! ስለ አጎቱ ሰው ያዋረድኩ እኔ፣ በተዘጋጀ ድንጋይ ታርቄ ብመለስ፣ ምን ፊት ይዤ ሌላ መጽሐፍ እገልጣለሁ?

ስለዚህ ድንጋዬን ከቢቸና ይዤ ለመሄድ ወሰንኩ። የሞኝነት ጥሩው ነገር ከውስጥ ሆኖ ሲታይ መርሕ መምሰሉ ነው።

ጓሮ ዞሬ አንድ ጥቁር፣ ጎኑ ለስላሳ፣ ያዝ ሲያደርጉት ወገብ የሚጠይቅ ድንጋይ መረጥኩ። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሳስገባው ባለቤቴ ደረሰች።

«የልብስ ማጠቢያዬን የት ልታደርሰው ነው?»

«ሞጣ።»

«ለማን?»

«ለታደለ።»

«እታገኝ ማጠቢያ የላትም እንዴ?» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከነከረጢቴ መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ ከረጢቱን ጣራ ላይ ሊሰቅል አንስቶ መልሶ ጣለው። «አባት፣ ምንድን ነው?» አለ። «ድንጋይ» አልኩ። ሳቀ። «እውነቴን ነው» ስለው ሳቁን ትቶ ራቅ አለ። ጣራው አይችልም ተብሎ እግሬ ሥር ተቀመጠ። አጠገቤ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት አለች፤ ከሷ ቀጥሎ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ሰውዬው ከረጢቱን በጫማው ነካ ነካ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ማዕድን ነው?»

«አይ፣ ተራ ድንጋይ ነው።»

«ተራ ድንጋይ ማን ያሳፍራል! አትስጋ፣ ለሰው አልናገርም» አለና ለሚኒባሱ ሁሉ ተናገረ። ወሎ ውስጥ ኦፓል የሚሉት የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ አገሩ ሁሉ ድንጋይ በጥርጣሬ ያያል። አንዱ ቁልፍ አውጥቶ ጫፉን ፋቀ። አንዱ ምራቁን ቀብቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ነጠላ ያጣፋችው ሴት «ከገዳም ነው፣ መነካካት ነውር ነው!» ብላ አስቆመቻቸውና በበኩሏ ዳሰስ አድርጋ ግንባሯን ነካች። እግዜር ያሳያችሁ፤ ባለቤቴ ካልሲ የምታሽበት ድንጋይ ነው።

ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ከረጢቱን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ለምንድን ነው?»

«ለይቅርታ።»

ፈታሹ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ድንጋዩን አገላብጦ አየና «ማንን ልትመታ ነው?» አለኝ። «ማንንም፤ ልሸከመው ነው» አልኩ። ለሁለት አሰቡበት። በመጨረሻ አንደኛው «ሂድ፤ ግን ይቅር ካላሉህ እንዳትወረውረው» ብሎ ለቀቀኝ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ሂሳዊ አስተያየቶች ይህ አንዱ ጥሩው ነው።

ሞጣ እንደወረድኩ ድንጋዩን ከከረጢቱ አውጥቼ አንገቴ ላይ አደረግሁት። እስከ ታደለ ቤት ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። ባዶ እጅ ለሚሄድ። የመጀመሪያውን ሃምሳ እርምጃ በክብር ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የማየው የራሴን ጫማ ብቻ ሆነ። ድምፅ ግን እሰማለሁ።

«እግዚኦ! ምን በድሎ ይሆን?»

«ነፍስ አጥፍቶ ነዋ! ለሌላማ እንዲህ ያለ ድንጋይ ማን ይሸከማል?»

«የስንት ሰው?»

«ድንጋዩን አታየውም? ከሁለት አያንስም።»

ቀና ማለት ስላልቻልኩ ለመሬቱ «ማንንም አልገደልኩም፣ የድራማ መጨረሻ ነቅፌ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ አንዲት አሮጊት በአዘኔታ «አእምሮውንም ነክቶታል» አሉ። ታደለ በር ስደርስ ከኋላዬ የሚከተለው ሰው ጥሩ ሠርግ ይወጣው ነበር።

ግቢ ውስጥ የኔታና ሐጅ ሰይድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዝቅ ብለው ስለ ተቀመጡ እነሱን እንኳ በቅንድቤ ሥር አያቸዋለሁ። ሐጅ ሲያዩኝ በእጃቸው የያዟትን ሎሚ የምታክል ድንጋይ ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ።

«ይህን ከየት አመጣኸው ልጄ?» አሉ የኔታ።

«ከቢቸና፣ የኔታ።»

«ሞጣ ድንጋይ አጣች?»

ታደለ ከቤት ወጣ። እግሩን ብቻ ነው የማየው፤ ጫማው አልተቦረሸም። ጫማውን ሳይቦርሽ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ከዚያ ሁሉ የመንገድ ቀልድ በኋላ መጀመሪያ ያሳፈረኝ ያ ጫማ ነው።

«ታደለ» አልኩ፣ «በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ። ቤትህ መጥቼ ለብቻህ መናገር ስችል በማይክሮፎን ተናገርኩ። ስላሳቅሁብህ ይቅር በለኝ።»

«መጨረሻውስ?» አለ።

«መጨረሻው ምን ሆነ?»

«መጨረሻው ጥሩ ነበር በል። አንዲት ቃል ናት። በልና አውርደው።»

ሐጅ ሰይድ በእፎይታ «ይኸው! ቀላል ነው! በለው በቃ» አሉ። እታገኝ ከበሩ ሆና «አበልጄ፣ ስለ ልጅህ ብለህ!» አለች። አንገቴም በበኩሉ «በለው» ይል ነበር። ለስምንት ወር የናፈቅሁት ሰው እፊቴ ቆሟል፤ ዋጋው አንዲት ውሸት ናት፤ ደግሞ ትንሽ ውሸት።

«አልልም» አልኩ።

«አንተ!» አሉ የኔታ፣ «ልትታረቅ መጥተህ ነው ልትሟገት?»

«ልታረቅ ነው የኔታ። ስለ ተናገርኩበት ቦታ ድንጋይ ተሸክሜአለሁ። ስለ ተናገርኩት ነገር ግን ጠጠርም አልሸከም። ያ አጎት ውሸት ነው። ሌላው ሁሉ ባያምር ኖሮ እኮ ዝም እል ነበር! ትርንጎን እንዲያ አድርጎ የጻፈ ሰው ነው ያን ሰውዬ ያመጣብን!»

የታደለ ጫማ ዞረና ወደ ቤት ገባ። አለቀ አልኩ። ከዚያ ከውስጥ የሣጥን ክዳን ሲጢጥ ሲል ተሰማ፤ እታገኝ ትንፋሿን ሳበች። ታደለ ወረቀቶቹን ይዞ ወጣ።

«እሺ» አለ። «ቁም። ድንጋዩንም እንዳታወርድ። ከመጀመሪያው አነባለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ይስሙና ይፍረዱ።»

አነበበ። እናንተዬ፣ ያ ሰው ሲያነብ! ትርንጎ ስትለምን ድምፁ ይለምናል፤ ክፉው ሰውዬ ሲናገር ድምፁ ይጠነክራል። ሦስቱንም ገቢር። ድንጋዩ መጀመሪያ አንገቴን፣ ቀጥሎ ትከሻዬን፣ በሦስተኛው ገቢር ደግሞ ስሜን አስረሳኝ። ምስክሮቹ ሲከዷት ሐጅ ሰይድ አግዳሚውን በጡጫ መትተው «ይሄ ከሃዲ! ሱቄ እንዳይደርስ!» አሉ። የኔታ ጺማቸውን ይዘው አጎነበሱ። ተከትሎኝ የመጣው ሕዝብ አጥሩ ላይ ተንጠላጥሏል። እኔም አለቀስኩ፤ እንባዬ በአፍንጫዬ ጫፍ ወርዶ ጫማዬ ላይ ሲያርፍ አየሁት።

«በሩ ይከፈታል» ብሎ አነበበ ታደለ። «አጎት ይገባል።»

«ማን?» አሉ የኔታ ቀና ብለው።

«አጎቷ፣ የኔታ።»

«የማን አጎት?»

«የትርንጎ።»

«ነበራት እንዴ?»

«ነበራት።»

የኔታ ምንም ተንኮል የለባቸውም፤ በእውነት ግራ ገብቷቸዋል። «ታዲያ ልጄ፣ እስካሁን ምነው ሳትነግረን? ይህቺ ሴት ስትቃጠል እኛስ እንዲህ ባልተጨነቅን!»

ታደለ ወረቀቱን ሲገለብጥ ሰማሁት። መልሶ ገለበጠው። ሐጅ ሰይድ አዘኑለትና ሊረዱት «ምናልባት መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው እታገኝ ናት። አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ አልሆን ሲላት ለቀቀችው። ከዚያ ታደለ። ስምንት ወር ያጠራቀመውን ሳቀው፤ ሲስቅ ወረቀቱን እንደያዘ መሬት ቁጭ አለ። እዚያ ሲቀመጥ ነው ፊቱን ያየሁት። አጥሩ ላይ ያለውም ሕዝብ ሳቀ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን ማንንም አላዋረደም፤ ከእሱ ጋር ነበር።

«አውርዱለት» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

አወረዱልኝ። አንገቴ ግን አልተነሳም።

«በል ‹ይቅር ለእግዜር› በለው» አሉ የኔታ።

«አልልም» አለ ታደለ።

«ምን?!»

«አሁን በአንድ ሳቅ ይቅር ብለው፣ ይሄ ሰው ነገ ‹ምክንያቱ አልበቃም› ብሎ ይጽፍብኛል። አላውቀውም?» ወደ እኔ ዞረ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ከኔ ጋር ትቀመጣለህ። አጎቱን እናስወጣለን። ሴትዮዋ በራሷ እጅ መሬቷን እንዴት እንደምታስመልስ እንፈልጋለን። መንቀፍ ቀላል ነው፤ እስኪ ጻፈው! ስንጨርስ ስለ ይቅርታው አስብበታለሁ።»

«ጾሙ ሊገባ እኮ ነው!» አሉ ሐጅ ሰይድ ከየኔታ ቀድመው።

«ጾሙ ረጅም ነው ሐጅ» አለ ታደለ።

ይኸው አምስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን በልበ ሙሉነት አንድ መጨረሻ ይዤ ሄድኩ፤ ዳኛው በድንገት ይጸጸታል። ታደለ አንብቦ «ይሄስ የአጎትየው ታናሽ ወንድም አይደለም?» አለኝ። ልክ ነበር። አንዱን አጎት ስናስወጣ ሌላው በመስኮት ይገባል፤ ነገሩ ከሸክም ይከብዳል፤ ያም ሆኖ ከቃሌ ፍንክች አላልኩም። አሁን ያ መሬት መሬቱን እያየ የዋሸው ምስክር ላይ ነን። ተመልሶ እውነቱን ይናገር ይሆናል፤ ግን እንዲመለስ በመጀመሪያው ገቢር ትርንጎ አንድ ነገር ልታደርግለት ይገባል፤ ያን ነገር ስናስገባ ሁለተኛው ገቢር ፈረሰ። ታደለ እየተሳደበ እንደገና ይጽፋል። ጫማው ተቦርሿል።

ባለፈው ቅዳሜ የኔታ በር ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ አሁንስ በዛ። እኔ ገብቼ አንዲት ቃል ልናገረውና ዛሬውኑ ይቅር ይበልህ» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ እምቢ አልኩ። ይቅርታዬ በእግሩ እየመጣ ነው፤ ማንም በመኪና ቢያመጣብኝ በሩን የምዘጋበት እኔው ነኝ።